የድሮ ካምፕ መሬት ላይ ዲቴክተር ይዞ መግባት ለምን ይከለከላል?

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ከባሕር ዳር ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ ታሪኳ ግን ትንሽ ትረዝማለች።

የአጎቴ ልጅ መተከል ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ሁለት ዓመት ቆየ። ሲመለስ ወርቅ አልያዘም። የያዘው አንድ ዲቴክተር፣ የብረት መፈለጊያ ማሽን ነው። ከእኔ የተበደረውን ብር መክፈል ሲያቅተው ማሽኑን በመያዣ ተወልኝ። እኔ ሞባይል ጥገና ነው የምሠራው፤ እሑድ ሱቄን እዘጋለሁ። ማሽኑ ግድግዳ ተደግፎ ለሁለት ወር ሲያፈጥብኝ ከረመ። በመጨረሻ ባትሪ ገዛሁና ይዤው ወጣሁ።

ሰፈራችን ጥግ፣ ወደ ሐይቁ በኩል፣ ድሮ የወታደር ካምፕ የነበረ መሬት አለ። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ከተናገርኩ ነገ አካፋ ይዞ የሚሰለፈው ብዙ ነው። አሁን የቀረው የቤት መሠረት ድንጋይ፣ አንድ የተሰነጠቀ የውሃ ገንዳና ባሕር ዛፍ ነው። ፍየል ይውልበታል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አራት የቆርቆሮ ምስማር፣ ሁለት ቆርኪ፣ እጀታዋ የተቆለመመ ማንኪያ እና ዝገት የበላው አንድ የጥይት ቀለሃ አገኘሁ። ከዚያ ማሽኑ ሌላ ጩኸት ጮኸ። ቆርኪ ላይ ጢጥ ብሎ እንደሚያልፈው አይደለም፤ ወፍራምና የማይቋረጥ ነው። ክንዴ እስከ ክርኔ እስኪገባ ቆፈርኩ። ጣቴ ያረፈው ክብ ነገር ላይ ነው። ውፍረቱ የሻይ ፔርሙዝ ያህላል፤ ዝገቱ እንደ ዛፍ ልጥ ይላላጣል። ይሄኔ አንድ የፍየል እረኛ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። አፈሩን መለስኩበትና ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር የመለስኩት ፈርቼ ሳይሆን ልጁ ወርቁን እንዳያይብኝ ነው።

በማግስቱ የቀበሌው ጥበቃ ሱቄ ድረስ መጣ። በማሽን መፈለግ ክልክል ነው፣ ማስታወቂያ ተለጥፏል አለኝ። ሄጄ አየሁት። ማኅተም ያረፈበት ሁለት መስመር ወረቀት ነው። ያለፈቃድ በማንኛውም መሣሪያ መፈለግም ሆነ መቆፈር በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። ለምን የሚለው የለም።

እንግዲህ መሬቱ ጦም ያደረ ነው። የማንም አጥር የለበትም። እኔ የማንንም ንብረት አልነካሁ። አንድ ነገር እንዳለ ያወቀ ሰው ለራሱ ሊያስቀረው ፈልጎ ያወጣው ክልከላ ነው የሚመስለኝ። ተሳስቼ ከሆነ አስረዱኝ።

*

ይህን ከለጠፍኩ ስድስት ቀን ሆነው። መልሱ በዝቷል። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች በቁጥር በቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ ቃል ላውራው። እንዳለ አልገለብጠውም፤ ግማሹ ስድብ ነው።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ የማሽኑን ዓይነት ጠየቀኝና ፈቃድ ቢጤ እንዳለኝ አጣራ። የለኝም አልኩት። በዚያው ጠፋ።

መልስ 2 ሕግ የተማረ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ መፈለግም ሆነ መቆፈር ያለ ፈቃድ አይቻልም አለ። ቤት ሲሠራ ወይም ሲያርስ ድንገት ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ መጠበቅ አለበት። ለዚህም ሽልማት አለው። ከዚያ አንዲት ነገር ጣል አደረገ፦ ዲቴክተር ይዞ የወጣ ሰው ድንገት አገኘሁ ማለት አይችልም። ይህቺ ነገር ከነከነችኝ።

መልስ 3 ተቃወመው። ማንኪያ መቼ ነው ቅርስ የሆነው ብሎ ጀመረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተደብቆ ስለቆየና ባለቤት ስለሌለው ሀብት እንደሚናገር፣ ለአግኚውም ድርሻ እንደሚያስብ ጠቀሰ። መልስ 4 ላይ ሰውየው ቁጥር 2 ተመለሰ። በትሕትና ነው፣ ግን ጥርሱን ነክሶ። ልዩ ሕግ ባለበት አጠቃላዩ ወደ ኋላ ይላል አለ። ደግሞስ የመሬቱ ባለቤት ማን ነው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ፍየል ስለዋለበት የማንም አይሆንም። ወርቅ ነው የምፈልገው ካልክ ደግሞ ማዕድንም ያለ ፈቃድ አይፈለግም። ስለዚህ በየትኛውም በር ብትገባ ፈቃድ ይጠብቅሃል።

መልስ 5 ማሽኑ ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ስልክ ያወጣ እንደሆነ ጠየቀ። ታንኳ ላይ ሰልፊ ሲነሳ ነው አሉ የጣለው። መልስ 6 ሳቀበት፤ ስቆ ግን አልቀረም፣ የማላውቀውን ነገር ነገረን። ከመጀመሪያዎቹ የብረት መፈለጊያዎች አንዱን የሠራው የስልኩ ሰውዬ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ራሱ ነው። እንደ ፈረንጆች በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመታ ጥይቱን ገላው ውስጥ ለመፈለግ ነው የሠራው። አላገኘውም። ያስተኙት የብረት ሞላ ያለው ፍራሽ ላይ ስለነበር ማሽኑ ሳይረበሽ አልቀረም ይባላል። ስልኩን ሐይቅ የጣለው ልጅ ግን መልስ አላገኘም።

መልስ 7 የአያቷን ጓዳ ስታስቆፍር አንድ ጠገራ ብር ያገኘች ሴት ናት። 1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፣ ስንት ያወጣል ብላ ፎቶ ለጠፈች። መልስ 9 ቀስ አድርጎ ደስታዋን አበረደው። ማርትሬዛ የትም ይመታ የት፣ መቼም ይመታ መቼ፣ የሚጻፍበት ያው 1780 ነው። እንደ ፈረንጆች ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ጣሊያን ራሱ በ1930ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ሮም ላይ ያስመታ ነበር፤ ለእኛው አገር ወረራ እንዲመቸው። ስለዚህ የሴትየዋ ብር ከአያቷም ሊያንስ ይችላል። ብሩ ያው ብር ነው፣ አትዘኚ አላት።

መልስ 8 ላይ የተጠበቀው መጣ። ጣሊያን ቀብሮት የሄደው ወርቅ። አያቱ ነግረውታል፣ ካርታ ያለው ሰው ያውቃል፣ የቴሌግራም ቁጥርም አስቀመጠ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ወሬ ከእናት ጡት ጋር ነው የሚጠባው። እኔም ጉድጓዱን ስመልስ በአእምሮዬ የነበረው ይኸው ነው፤ አልዋሽም።

መልስ 10 ታሪክ አዋቂ ነው፣ ትዕግሥት ግን የለውም። ጣሊያን ባሕር ዳርን የያዘው በ1928 ነው፤ በ1933 ኮሎኔል ቶሬሊ ዳንግላን ለቆ ጦሩን ወደ ባሕር ዳር አመጣ። አዲስ አበባ በመጋቢት 1933 ተለቀቀች። ጎንደር ግን እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 በጣሊያን እጅ ነበረች። ታዲያ ወርቅ ያለው ጦር፣ መኪናና ጀልባ እያለው፣ ሐይቅ ማዶ ገና የራሱ ምሽግ እያለለት፣ ምን ቆርጦት እዚህ ጭቃ ውስጥ ይቀብራል? ወርቅ ያለው ሠራዊት ወርቁን ይዞ ይሸሻል፤ የሚጥለው የሚከብደውንና የማይፈልገውን ነው አለ። ከዚያ ስለ ቁጥር 8 አያት የማይባል ነገር ተናገረ። 11 መልሶ ተሳደበ። አያት ምን አደረጉ? አንድ ሁለቱ ተሰርዘዋል፤ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል።

መልስ 12 የቁጥር 8ን ስልክ ማንም እንዳይደውልበት ለመነ። አጎቱ ሁለት በሬ ሸጦ አንቴና ያለው ማሽን ተከራየ፤ ሁለት ቀጭን ዘንግ፣ እጅ ላይ ተይዞ ወደ ወርቁ የሚዞር። ዘንጉ ዞረ። ተቆፈረ። ድንጋይ ተገኘ። ከዚያ ሰዎቹ ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ነገር ሳይገዛ ወርቁ አይወጣም አሉ። አጎትየው ሦስተኛውን በሬ ሊሸጥ ሲል ሚስቱ በሬውን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ጎበዝ ሴት። ጸሐፊው አንቴናው ገበሬ ብቻ እንዳላታለለም አስታወሰ። ኤዲኢ 651 የሚባለው የውሸት ቦምብ መፈለጊያ ለኢራቅ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ውስጡ ምንም አልነበረም። የሸጠው እንግሊዛዊ በ2013 እንደ ፈረንጆች 10 ዓመት ተፈረደበት።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ጨዋታ ነበር። መልስ 13 ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ።

እኒህ ሰው በደርግ ጊዜ ወታደር የነበሩ አባት ናቸው። ማዕረጋቸውን አልተናገሩም፤ ሰዉ ግን ከዚያ በኋላ አሥር አለቃ ሲላቸው ዋለ። ልጄ ብለው ጀመሩ። ሕጉንም ወርቁንም አላነሱም። የጠየቁኝ ያ ፔርሙዝ የሚያህለው ነገር አንድ ጫፉ ሾጠጥ ያለ መሆኑን፣ ሌላው ጫፍ ላይ ክንፍ ቢጤ መኖሩን ነው። አላየሁትም፤ የነካሁት መሃሉን ነው።

ከዚያ ካምፕ ምን እንደሆነ አስረዱን። ካምፕ ማለት መኝታና ወጥ ቤት ብቻ አይደለም። ቦምብ መወርወር የሚለማመዱበት ጥግ አለው። ሳይፈነዳ የቀረ ሁሉ ደግሞ አይለቀምም፤ መለቀም ነበረበት፣ አይለቀምም። የቆሻሻ ጉድጓድ አለው። በየካቲት 1983 ጦሩ ባሕር ዳርን ለቆ ሲወጣ ጓዙን ቆጥሮ ያስረከበ የለም። መሸከም ያልተቻለው እዚያው ቀረ፤ አንዳንዱ ጠላት እንዳያገኘው አፈር ለበሰ። የቀበረው ሰው ካርታ አልሣለለትም። በሕይወት ያለውም ጥቂት ነው።

ዝገት ገደለው አትበል አሉኝ። ዝገት ቀፎውን ነው የሚበላው። ውስጡ ያለው ባሩድ እንዳለ ይቀመጣል። ጫፉ ላይ ያለችው መምቻ ደግሞ ስትዝግ ይብሳል፤ ይዞ ያቆያት ነገር ይሳሳል። የአንድ እረኛ ልጅ ታሪክም አነሱ። ያገኛትን ነገር ለቁራሌው ሊሸጣት ነው። አፈሯን ሊያራግፍ ከድንጋይ ጋር አጋጫት። የልጁን ስም ጻፉ፣ ከዚያ ተመልሰው አጠፉት። እዚህ ላይ ስደርስ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የነበረው ልጅ መጣብኝ። ጉልበቱ ላይ ነጭ አፈር ነበረበት።

መልስ 14 ሽማግሌውን ሕዝብ አታስፈራሩ አላቸው። መተከል ሺህ ሰው ሲቆፍር ይውላል፣ የፈነዳበት የለም፣ ቀበሌ የላካቸው ናቸው አለ። አነጋገሩ የሚያሳፍር ነበር። የሚገርመው የመለሰለት ቁጥር 10 ነው፤ ያ ተሳዳቢው ታሪክ አዋቂ። ሽማግሌው ልክ ናቸው አለ፤ የደርጉ ብቻም አይደለም። የጣሊያን የእጅ ቦምብ ከቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ መሳይ ነገር ነው። ተወርውሮ ሳይፈነዳ የመቅረት ልማድ ነበረው፤ ከዚያ ያነሳው ሰው እጅ ላይ ይፈነዳል። የእንግሊዝ ወታደሮች ቀይ ሰይጣን ይሉት ነበር። ልጅ ቢያየው መጫወቻ ነው የሚመስለው።

መልስ 16 ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአጎቴ ልጅ! ማሽኔን ማን አውጣ አለህ ብሎ ገባ። በመያዣ የተሰጠ ነገር አይሠራበትም አለኝ፣ ዕዳ ያለበት ሰው። ቢሆንም የሚያውቀውን ተናገረ። መተከል የሚቆፈረው ወንዝ ዳርና ጫካ ነው፤ ካምፕ አይደለም። ስለዚህ የቁጥር 14 ነገር አይገጥምም። የባሕር ዳር መሬት ደግሞ ለዲቴክተር መጥፎ ነው። ታቹ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ብረት አለበት። ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ካላስተካከሉት ድንጋይም ብረት ነኝ ይላል። ዋናው ነገር ግን ማሽኑ ብረት አለ ነው የሚለው። የምን ብረት እንደሆነ የሚያውቀው የቆፈረው ሰው ነው። ለሳንቲም አንድ ስንዝር ከደረሰ ተመስገን ነው፤ ከዚያ በታች የሚያስጮኸው ትልቅ ነገር ብቻ ነው። ትልቅ ወርቅ ደግሞ እኔ አላየሁም አለ። ዘመዴ በሕይወቱ እውነት ከተናገረባቸው ቀኖች አንዱ ይህ ነው።

መልስ 17 ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው ነው። እዚያ ፎርት ኦርድ የሚባል ትልቅ የጦር ካምፕ በ1994 ተዘጋ፤ በ2012 ሕዝብ የሚጎበኘው ቦታ ሆነ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው። ዛሬም ግን ያልፈነዳ ተተኳሽ ያለበት ክፍል ታጥሮ ይጸዳል፤ ሰው የሚሄደው በተከፈተው መንገድ ብቻ ነው። በፌዴራል መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነሳም። በብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ዲቴክተር ይዞ መገኘት ብቻውን ያስቀጣል። ስለዚህ የቀበሌያችሁ ወረቀት አዲስ ነገር አይደለም አለ።

መልስ 18 ቱግ አለ። እዚያ አጥር አለ፣ ሥዕል አለ፣ ምክንያቱ ተጽፏል፤ እዚህ ሁለት መስመርና ማኅተም። አሜሪካ ሆኖ መምከር ቀላል ነው። ስለ አሜሪካው ስድቡ አያስፈልግም ነበር። ስለ ወረቀቱ ግን ከእሱ ጋር ነኝ። እኔ ያነበብኩት ክልክል ነው የሚል ነው፤ ቦምብ ሊኖር ይችላል የሚል አላነበብኩም። ምክንያት ያልተጻፈለት ክልከላ ላይ ሰው የራሱን ምክንያት ይጽፍበታል። እኔ ወርቅ ብዬ ጻፍኩበት።

ከ19 እስከ 24 ክሩ ሐይቁ ውስጥ ገባ። አንዱ ስለ ካምፑ ከምንጨነቅ ስለ እምቦጩ እንጨነቅ አለ። ሌላው የሐይቁ ዳር ሁሉ በአጥር ተይዞ ለሕዝብ የቀረው ያ ካምፕ ብቻ ነው አለ። አንዷ የአሣ ዋጋ ጠየቀች። ሁለት ሰዎች አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ተጣሉ። 380 ሜትር ነው አይደለም በሚል። ነው።

መልስ 25 የቀበሌ ሠራተኛ ነኝ አለ። የኛው ይሁን የሌላ አልገለጸም፣ ነገሩን ግን ያውቀዋል። ስድቡን ሁሉ እንዳነበበው ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ወረቀቱ የተጻፈው በወርቅም በቦምብም አይደለም አለ። ባለፈው ክረምት ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ማታ ማታ ሲቆፍሩ ከርመው ጉድጓዶቹን ሳይደፍኑ ሄዱ። ዝናብ ሞላባቸው፣ ሣር ሸፈናቸው። የአንዲት መበለት ላም ገብታ እግሯ ተሰበረ። ሴትየዋ እያለቀሰች ቢሮ መጣች። በዚያው ቀን ሁለት መስመር ተጻፈ። ከመሬቱ በታች ምን እንዳለ ቢሮው ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ ላሚቱን ግን ሁሉም ያውቃታል።

ላም! ይህን ሁሉ ቀን ሰው ስለ ቶሬሊና ስለ አንቀጽ 40 ሲከራከር ነበር።

መልስ 26 ታሪክ የምታስተምር ሴት ናት፤ ወንድሜ እያለች ነው የጻፈችልኝ። ቀለሃውን በማስመሪያ ለካው አለችኝ። ለካሁት፤ 39 ሚሊ ሜትር ሆነ። የጣሊያኑ ካርካኖ ጠመንጃ ቀለሃ 52 ነው። የእኔው የክላሽ ነው። መቀመጫው ላይ ያሉትን ቁጥሮች በጥርስ ብሩሽ አጽድቼ ላኩላት፤ ፋብሪካና ዓመት እንደሆኑ ነገረችኝ። ከዚያ ግን ከየትኛው ጥግ፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን አጠገብ አወጣኸው ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ኪሴ ውስጥ ከምስማሩ ጋር ነው የከተትኩት። እንግዲያው አሁን የያዝከው ውራጅ ብረት ነው አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቁጥር 2 ተከትሎ ጥይቱ ያልተተኮሰ ቢሆን ኖሮ የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 እንደሚመጣብኝ አስታወሰ። ይህ ሰው ዕረፍት የለውም።

መልስ 28 አሥር አለቃው ናቸው። 31ም እሳቸው ናቸው። 33ም። ሦስቱም ጊዜ አንድ ነገር ነው የጠየቁት፦ ልጄ፣ ለሰው ነግረሃል ወይ? ሌላው ሰው ስለ ላሚቱ ካሣ ሲከራከር እሳቸው ጥያቄያቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁለቱን ጊዜ እንዳላየሁ አለፍኩ። ብናገር ማሽኑን ይወስዱብኛል፣ ለምን ቆፈርክ ይሉኛል ብዬ ነው። መልስ 32 ይህንን ገምቶ ፈሪ አለኝ። አልመለስኩለትም።

ትናንት ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ጥበቃውን ይዤ ሄድኩ። ቦታውን ለማግኘት ተቸገርኩ፤ እኔ የደፈንኩት አፈር ላይ ፍየል ተኝቶበት ነበር። ከሩቅ አሳየሁት። ጥበቃው እዚያ መሬት ላይ ስድስት ዓመት ሲዞር እንደኖረ ነግሮኝ ዝም አለ። ከግራሩ እሾህ ቆርጠን ዙሪያውን አጠርነው፤ አንድ ቀይ ጨርቅ አሰረበት። ፖሊስ ጋ ሄድን። መዘገቡን። ፈንጂ ማምከን ለሚያውቀው ክፍል እናሳውቃለን፣ እስከዚያ ማንም እንዳይጠጋ አሉ። ማሽኑን አልወሰዱብኝም። የአጎቴ ልጅ ግን ዛሬ በጠዋት መጥቶ ወስዶታል፤ ዕዳውን በሌላ ቀን እናወራለን አለኝ።

እሱን ሸኝቼ በካምፑ በኩል አለፍኩ። ጨርቁ አለ። እሾሁም አለ። ፍየሎቹ ግን የግራሩን ቅጠል ሊበሉ አጥሩን ከበውታል።